ከቤተ መንግሥቱ ሥር ያሉ ሰዎች

መጽሐፉን ያገኘሁት ከሚጣል ክምር ውስጥ ነው። ወልድያ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ጡረታ ወጥቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መርሳ ከተመለስኩ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ሲያልፍ ደግሞ የተበታተነውን መጽሐፍ እንድለይላቸው ጠሩኝ። ሦስት ቀን ለየሁ። ሰው የተጸዳዳባቸውን በአካፋ አወጣናቸው፤ ስለዚያ ሌላ አልጽፍም። ከቀሩት ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ገጾቹ ውኃ ነክቷቸው የተሸበሸቡ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረ። ድሮ በእርዳታ ከመጡልን አንዱ ነው። በእንግሊዝ አገር ስለነበረና ስለጠፋ አንድ ቤተ መንግሥት ይተርካል። በሥራ ዘመኔ ማንም ሲዋሰው አላየሁም። አስፈቅጄ ወሰድኩት።

ጉልበቴ ብዙ ስለማያስኬደኝ ጠዋት ጠዋት መዝገበ ቃላት ይዤ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። በቀን ግማሽ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት መስመር። ለማንም ብዬ አልነበረም፤ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

ቤተ መንግሥቱን ያሠራው ስድስት ሚስት ያገባው ንጉሥ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ እሱ በቂ ተጠርቷል። በዚያን ጊዜ እጅግ ወፍሮ ነበር፤ እግሩ ላይም የማይድን ቁስል ወጥቶበት ነበር። እንደ ድሮው ሩቅ ጋልቦ ማደን ስላቃተው ከከተማው ብዙ ሳይርቅ የሚያድንበት ቦታ ፈለገ። ዓይኑ ያረፈበት ቦታ ላይ መንደር ነበረ። መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነበረው፤ በዙሪያው መቃብር። ለመሬቱ ባለቤት ለጌታው ሌላ ቦታ ምትክ ሰጠው። ገበሬዎቹ ወዴት እንደሄዱ መጽሐፉ አይናገርም። ቤተ ክርስቲያኑን አስፈረሰና በላዩ የቤተ መንግሥቱን የውስጥ ግቢ ዘረጋበት። ድንጋይ ሲያንሰው ደግሞ በቅርቡ ካስፈረሰው ገዳም አስመጣ። ለመቅደስ ተብሎ የተጠረበ ድንጋይ በወይን ጠጅ ጓዳው ግድግዳ ውስጥ ገባ። ሲጨርስ ስሙን «አምሳያ የሌለው» አለው። በእነሱ ቋንቋ ነንሰች ይባላል።

መጽሐፉ ይህን ሁሉ የሚያወራው እንደ ሠርግ ወሬ ነው። ስንት ግንበኛ፣ ስንት አናጺ፣ ከየትኛው አገር የመጣ ቀራጺ። ስለ መንደሩ ሁለት መስመር አለ። ሁለቱን መስመር ስጽፍ ብዕሩን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ። ቀለም ነክቶኝ አልነበረም።

በዚያው ወራት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። የመረጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው። ሊቀመንበሩ ድሮ እህል ነጋዴ የነበሩ፣ ድምፃቸው ከውጭ የሚሰማ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ እሳቸውም በዋናው መንገድ በኩል ያለውን አጥር አፍርሰን የሚከራይ ሱቅ እንሥራበት የሚል ሐሳብ አመጡ። በዚያ በኩል የድሮ መቃብር አለ።

«ጸሐፊያችን፣ ይጻፉ» አሉኝ። «በመንገዱ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ በመሆኑ።»

«መቃብር አለበት እኮ» አሉ ቄሱ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«አባ፣ ያረጀ ነው። ሰባት ዓመት ያለፈው ይነሣል፤ ሥርዓቱም አይከለክል። ሐውልት ያለው ለቤተሰቡ ይነገራል። ሐውልት የሌለው ለማን ይነገራል?»

«እንግዲያው ሐውልት የሌለበት ተብሎ ይጻፋ።»

«ማዘጋጃ ቤት መቃብር የሚል ቃል ካየ ዓመት ያመላልሰናል። ክረምቱ ደግሞ እርስዎን አይጠብቅ። ባለፈው ሐምሌ ቅዳሴ ላይ ባልዲ ይዞ የቆመው ዲያቆን ነው፣ ወይስ እኔ አልሜ ነው?»

ሰው ሳቀ። ቄሱም ፈገግ አሉ። እኔ ባዶ በመሆኑ ብዬ ጻፍኩ።

የጻፍኩት ስለማያገባኝ ነው። እናቴ የተቀበረችው በዚያው ግቢ ነው፤ ግን ለሱቆቹ ከተተከለው ችካል ውጭ፣ ወደ ላይ ራቅ ብሎ ባለ የወይራ ጉቶ ሥር እንደሆነ አውቅ ነበር። እናቴ ስታርፍ እኔ ወልድያ ነበርኩ። ነሐሴ ነበረ፤ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። ተቀብራ ነበር። አንዲት ዘመድ በር ላይ ቆማ በእጇ እያመለከተች «ከወይራው ሥር ነው ያኖሯት» አለችኝ። ወይራው ሥር ሄጄ ቆምኩ። ድንጋይ አላስቀረጽኩላትም፤ ቦታውን አውቀዋለሁ ብዬ። ወይራው ከተቆረጠ በኋላም በየዓመቱ በተዝካሯ ቀን ጉቶው አጠገብ እቆም ነበር። ዐርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ በዚያ በኩል ዘመድ ያለው መጥቶ ያንሣ ተባለ። አራት ቤተሰብ መጣ። የቀረው አልሰማም፤ ወይ አገር ለቋል፤ ወይ እንደ እናቴ ሞቷል። ከጥምቀት በኋላ ቁፋሮ ተጀመረ።

እኔ በመጽሐፌ ላይ ወደ ማስጌጡ ደርሼ ነበር። የውስጠኛው ግቢ ግድግዳ በሙሉ በነጭ ኖራ በተሠሩ ምስሎች ተሸፍኗል። የጥንት ጣዖታት፣ ራቁታቸውን የቆሙ ሴቶች፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆኑ ፍጥረቶች። ዙሪያው ወርቅ በተቀባ ጥቁር ድንጋይ ተከቧል። ይህ ሁሉ የቆመው ጸሎት ይደረግበት በነበረ ቦታ ላይ ነው። ንጉሡ ብዙም ሳይጎበኘው፣ ሥራው ሳያልቅ ሞተ። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ ያደረበት እንደሆነ እርግጡ አይታወቅም። ይህን ሳነብ ሞቱ አሳዘነኝ ማለት አልችልም።

አንድ ቀን ቃሪያና ቲማቲም ገዝቼ በወንዙ በኩል ስመለስ ገልባጭ መኪናው አፈር ሲያራግፍ አየሁ። ቦታው ከቄራ የሚወጣ ቆሻሻ የሚጣልበት ነው፤ አንጀትና ቀንድ፣ ፈርስ፣ ዝንብ። አዲሱ አፈር በዚያ ላይ ተዘርግፎ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሁለት ውሾች ጫፉ ላይ ይጎታተቱ ነበር። የሚጎትቱት የሰሌን ቁራጭ ነው፤ ሬሳ የሚጠቀለልበት። ከጎኑ የአገጭ አጥንት፣ ሦስት ጥርስ ያለው። ጥርሶቹ ንጹሕ ነበሩ።

ቲማቲሙን እዚያው ጣልኩት። ቤት ወስጄ ልበላው አልችልም ነበር።

ሊቀመንበሩን ቤታቸው በር ላይ አገኘኋቸው።

«አፈሩ የሚጣልበትን ቦታ አይተዋል?» አልኳቸው።

«ወንዝ ዳር ነዋ። የት ልጣለው፣ አልጋዬ ሥር?»

«የሰው አጥንት አለበት። ውሻ እየጎተተው ነው።»

«እትዬ፣ እዚያ እኮ የቄራ አጥንት ሞልቷል። የበሬ ይሆናል።»

«በሬ በሰሌን አይጠቀለልም።»

አንድ እግራቸውን ወደ ቤት አስገቡ። ከዚያ «የተገኘው ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ይሰበሰባል ተብሏል። ለሠራተኞቹ እነግራለሁ» አሉ። አልነገሩም። በማግስቱም ውሾቹ እዚያው ነበሩ። እኔም የማደርገውን አድርጌያለሁ ብዬ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ እኩያዬ ናት፤ ሙስሊም ናት፤ የአንድ ቅሬ አባላት ነን። በእኛ አገር ቅሬ ሃይማኖት አይለይም፤ ሞት ሲመጣ ተራው የደረሰው ሁሉ ይወጣል፣ ይቆፍራል፣ ይሸከማል። ከሰዓት በኋላ ጎመን ይዛ እየመጣች አጠገቤ ተቀምጣ ትቀነጥሳለች።

«ዛሬም ያን ሰውዬ ነው የምትጽፊው?»

«እሱን ነው።»

«ስንት ሚስት ነበረው አልሽኝ?»

«ስድስት።»

«እኛ እንኳ አራት ላይ ስንቆም ወሬ አይቀርልን። ስድስቱን እንዴት አኖራቸው?»

«አንድ ባንድ ነው። ሁለቱን አንገታቸውን አስቆረጠ።»

«አስተግፊሩላህ። ሌሎቹስ ይህን እያዩ አገቡት?»

«አገቡት።»

ጎመኑን ትታ አሰበች። «አባቶቻቸው ናቸው የሰጡት» አለች። ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ ቤቱን እንደሠራበት ነገርኳት። «እዚያ የተቀበሩትስ?» አለች።

«መጽሐፉ እስካሁን አላለም።»

«እንዴት አይልም? መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ አይደለም እንዴ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ እናትሽን አነሣሻቸው?»

«እናቴ ጉቶው ሥር ናት። ቁፋሮው አይደርስባትም።»

«የቱ ጉቶ?»

«የወይራው።»

«ላይኛው?» አለች። «እናትሽ እኮ ታችኛው ሥር ናቸው፤ በበሩ በኩል። ሁለት ወይራ ነበረ። እኔ ያን ቀን ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ዝናብ ነበር፤ ሩቅ አልወሰዷቸውም።»

ሁለት ወይራ መኖሩን አላስታውስም። ልጅ ሆኜ ግቢው ዛፍ ብቻ ነበር፤ የትኛው የት እንደነበረ ማን ይቆጥራል።

«የቆፈሩት ሰውዬ በሕይወት አሉ» አለችኝ። «ግራና ከልጃቸው ጋር ናቸው። እኔን ካላመንሽ እሳቸውን ጠይቂ።»

በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ግራና ሄድኩ። ሽማግሌው ከገበያው ጀርባ ባለ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእሳቸው ልጅ? ወልድያ የነበርሽው? አንቺ እኮ ለቀብር የዘገየሽው ነሽ።»

«አዎ፣ አባባ። ወንዙ ሞልቶ ነው።»

«ወንዙ ነው፤ አውቃለሁ። ለኔም ሞልቶብኝ ነበር፤ ግን እኔ በመርሳ በኩል ነበርኩ።» ሳቁ። «ምን ሆነሽ መጣሽ?»

ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ሁለት ወይራ ነበረ» አሉ። «እናትሽን ያኖርናቸው ከታችኛው ሥር ነው፤ ከበሩ ገብተሽ ወደ ቀኝ ስምንት እርምጃ፣ የኔ እርምጃ። ያ ወይራ ቀድሞ ደረቀና ተቆረጠ፤ ጉቶውንም ነቀሉት። ጉድጓዱ ውኃ ያቁር ነበር። አፈሩ እንዳይወርድባቸው ብለን ከወንዝ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ለአራት ተሸክመን አመጣንና ከላይ አጋደምንባቸው። አንድ ጫፉ ተሸርፏል። የሸረፍኩት እኔ ነኝ፤ እግሬ ላይ ጥዬው ከሌላ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ይኸው፣ እይ።»

ከጫማቸው እግራቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር የለም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ማን ሥር ነው ስታለቅሺ የኖርሽው?» አሉኝ።

«አላለቀስኩም።»

«በይ ተይው፤ እንባው አልባከነም።»

ልጃቸው ነጠላ ጫማውን መልሳ አጠለቀችላቸውና «አባዬ፣ ይተዋት» አለች። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሥተው ነበር። ባጃጅ ተኮናትረን መርሳ መጣን። መንገድ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ በቅሬ ቀን የሙስሊሙን እንጀራ ለብቻ መሶብ አድርጋ፣ በክዳኑ ላይ ቅጠል አስራ ትልክ እንደነበር። አላውቅም ነበር። ስለ እናቴ የማላውቀው ነገር እንዳለ ሲነግሩኝ ደስ አይለኝም።

ከደጁ ደርሰን በሩ የነበረበትን ስፍራ አሳየኋቸው። ከዚያ እርምጃቸውን ቆጠሩ። እርምጃቸው አሁን አጭር ስለሆነ ዐሥራ አንድ አደረጉት። የቆሙበት ቦታ ከሁለተኛው ሱቅ ወለል መሐል ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ በጥቅጥቅ ድንጋይ ተሞልቶ፣ መሠረቱ እስከ ጉልበት ወጥቷል።

ሽማግሌው በምርኩዛቸው የግንቡን ማዕዘን መታ መታ አደረጉና ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይቺውና» አሉ።

ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በሲሚንቶ ተይዞ ማዕዘኑን ጠብቆ ተቀምጧል። የተሸረፈው ጫፍ ወደ ውጭ ነበር።

የግንበኞቹ አለቃ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሰውዬው አክብሮት አላጓደለብኝም፤ ይህም የበለጠ አስጠላኝ።

«እማማ፣ ይህን የመሰለ ድንጋይ ከየት ይገኛል» አለ። «ከመሬት ሲወጣ እኔም ገርሞኛል። ለማዕዘን የተፈጠረ ነው።»

«ከሥሩ ምን ነበረ?»

«አፈር።»

«አፈር ብቻ?»

መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው፣ ከዚያ ወደ ጫማው አየ። «ያው የድሮ ነገር ነው። ከአፈሩ ጋር ሄዷል። ትናንት ይሁን ከትናንት ወዲያ።»

«ድንጋዩን አውጣልኝ።»

«ማዕዘን ነው፣ እማማ። ካወጣሁት ግንቡ ይከተላል።»

ሊቀመንበሩ ሰው ነግሯቸው መጡ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ቃለ ጉባኤው ይስተካከል፤ ቁፋሮው ይቁም፤ አፈሩ ይለቀም አልኩ። ቄሱም መጥተው ከጀርባዬ ቆመው ነበር። ሊቀመንበሩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እናትዎን እግዜር ያስብልዎ። ግን ቦታው ባዶ ነው ብሎ የጻፈው ማን ነው? የኔማ ጽሕፈት አይነበብ። ማዘጋጃ ቤቱ ያነበበው ያንቱን ነው፤ ኮለል ብሎ የሚነበበውን።»

ያሉት እውነት ነው። የሰው እናት ስትሆን ባዶ ብዬ ጽፌ፣ የሰው አገጭ ውሻ ሲጎትት አይቼ ወደ ቤቴ ገብቼ ነበር። ያን ቀን ከንጉሡም፣ ከሊቀመንበሩም ይልቅ የቀፈፈኝ የራሴ እጅ ነው።

«ገደል ይግባ ጽሕፈቱ» አሉ ሽማግሌው። «አፈሩ የት ነው የተደፋው? ፀሐይ ሳይጠልቅ ውሰጂኝ።»

ወንዙ ዳር ስንወርድ ጎረቤቴ ወሬውን ሰምታ ከቅሬው ሦስት ሴቶች ይዛ ደርሳ ነበር። ነጭ አቡጀዲ ገዝታ መጥታለች። አቡጀዲውን ንጹሕ ሣር ላይ ዘረጋነው። ለሽማግሌው ድንጋይ አመቻቸንላቸው፤ ተቀመጡ። እኛ ክምሩ ላይ ወጣን።

እዚያ የነበረውን ነገር በሙሉ መጻፍ አልችልም፤ ግን ጥቂቱን መጻፍ አለብኝ። ቄራው በዚያ ጠዋት ጥሎ ስለነበር አፈሩ ከፈርስ ጋር ተለውሷል። እጃችን እስከ ክርን ገባ። ዝንቡ አፍ ውስጥ ይገባል። አንዷ ሴት ወጥታ አስመለሳት፤ አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች። ያገኘነውን ሁሉ እያመጣን ለሽማግሌው እናቀብላለን። እሳቸው ዓይናቸው ስለማያይ በጣታቸው ይዳስሱታል።

«ይሄ የፍየል ነው፤ ጣይው። ይሄም የፍየል ነው። ይሄ ሰው ነው፤ አኑሪው። ይሄ የጥጃ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለቻቸው ጎረቤቴ።

«ስንት ሰው ቀብሬያለሁ፣ ስንት ፍየል በልቻለሁ። እንዴት ይጠፋኛል?»

አንድ አጥንት ላይ ዘገዩ። ረጅም ቀጭን የክንድ አጥንት ነበር። ደጋግመው ዳሰሱት። እኔ የማን ነው ብዬ ልጠይቅ አሰብኩ፤ አልጠየቅኩም። «ሰው ነው» ብለው ብቻ አቀበሉኝ። እናቴን ከፍየል ለይቶ የሚሰጠኝ ሰው ፊት ቆሜ እጄን ዘርግቼ ስቀበል፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀስኩም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አቡጀዲው ሞልቶ ነበር ማለት አይቻልም። የስንት ሰው እንደሆነ ሽማግሌውም አልተናገሩም። አራቱን ጫፍ አስረን አነሣነው፤ ቀላል ነበር። ቄሱ ከግቢው ላይኛ በኩል ጉድጓድ አስቆፍረው ጠበቁን። ሽማግሌው ከአጥሩ አጠገብ ቆመው «አላነሰም? ጨምሩበት፤ እስከ ደረት ይሁን» እያሉ ያዝዙ ነበር። ጸሎቱ ሲጀመር ቄሱ የክርስትና ስም ጠየቁኝ። የእናቴን ነገርኳቸው።

«የሌሎቹስ?»

«አላውቀውም።»

ቄሱ «ስሙን የምታውቀው አንተ ነህ» እያሉ ጸሎቱን ቀጠሉ። ሲጨርሱ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ማን ይጻፍልን?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ቢያንስ የሚያግዱኝ መስሎኝ ነበር፤ ተቀበሉኝና በካባቸው ሥር ያዙት። ቁፋሮው አልቆመም። አፈሩ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ቄራው መጣያ አልሄደም፤ በግቢው ጥግ ተከመረ። ያገኘሁት ይህንን ነው።

በዐቢይ ጾም መጽሐፉን ጨረስኩት። ከንጉሡ በኋላ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሴት ልጁ ንግሥት ሆና ትወደው ነበር ይላል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ንጉሥ ለውሽማው ሰጣት። ሴትዮዋ ቤቱን አስፈርሳ ጣውላውን ለብቻ፣ እርሳሱን ለብቻ፣ ድንጋዩን ለብቻ ሸጠችው። ከተሠራ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። መፍረሱን ሳነብ ደስ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ደስ አላለኝም። ሴትዮዋም ድንጋይ አይታ ዋጋ ብቻ ነው የታያት፤ ከማን ሥር እንደመጣ የጠየቀ የለም፤ ንጉሡም፣ ውሽማይቱም፣ ገዥዎቹም።

የመጨረሻው ምዕራፍ በዚህ ዘመን ስለተደረገው ቁፋሮ ነው። ሊቃውንት ሜዳውን ቆፍረው የቤተ መንግሥቱን መሠረት አገኙ። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ሳይቀር አበጥረው የተሰበረ ብርጭቆና ሸክላ ለቀሙ፤ እያንዳንዱ በዝርዝር ተጽፏል። ከውስጠኛው ግቢ ሥር ደግሞ የዚያ መንደር ቤተ ክርስቲያን መሠረት ተገኘ፤ በዙሪያውም መቃብሮች። አንድ ሥዕል አለ። አጽሙ እንደተጋደመ፣ ከጎኑ የመለኪያ ዘንግ፣ ከላይ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ሰዎቹ ለጉብኝት የመጡ ናቸው፤ አንዷ ሴትዮ ባርኔጣ አድርጋለች። ከዚያ በኋላ አጥንቶቹ የት እንደደረሱ ፈለግኩ። ስለ ብርጭቆዎቹ ስምንት ገጽ አለ። ስለ አጥንቶቹ እኔ ባሉኝ ገጾች ላይ ምንም የለም። ውኃ የበላው ገጽ ላይ ይሆናል ብዬ ላምን ሞከርኩ።

«እና የት አደረጓቸው?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«አላለም።»

«አላልኩሽም?» አለች።

ሱቆቹ ለፋሲካ ደረሱ። ሁለተኛው ለሥጋ ቤት ተከራየ። ነጭ ሴራሚክ ተለጠፈበት፤ ከፊት ለፊቱ ብረት ተዘርግቶ መንጠቆ ተሰቀለበት። ጥቁሩ ድንጋይ ከውጭ በኩል በኖራ ተለስኖ አይታይም። የጣሪያው ሥራ እውነትም ተጀምሯል፤ ይህንን መካድ አልችልም።

በበዓሉ ማለዳ የሊቀመንበሩ ምራት በር አንኳኳች። በፌስታል የተጠቀለለ ሥጋ ይዛለች።

«አባባ ናቸው የላኩልዎት። እንኳን አደረስዎ ብለዋል። ከአዲሱ ሥጋ ቤት የመጀመሪያው በሬ ነው፤ ከሽንጡ። ቂም አይያዙብኝ ብለዋል።»

«መልሺላቸው።»

«እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልመልስ? በበዓል ቀን?» ፊቷ ቀላ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ተቀበልኳትና አመሰገንኳት።

ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ፌስታሉ ሥር ቀይ ውኃ አቁሮ ወደ ደብተሬ ይሄድ ጀመር፤ ደብተሩን አነሣሁ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜያለሁ። ማድቤት ወስጄ ቢላዋ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ፤ ዝንብ አረፈበት። ዝንቡን ሳይ ቢላዋውን መለስኩት። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አይታኝ ነበር።

«ለኔ እንዳልልሽ የናንተ እርድ ነው» አለች። «ለለማኝ ስጪው።»

«ለሰው አልሰጠውም።»

«ለውሻስ?»

ዶማዬን አንሥቼ ወደ ጓሮ ስወጣ አይታ ወደ ቤቷ ገባች። ትንሽ ቆይታ የእሷን ዶማ በአጥር ላይ አሳለፈችልኝ፤ የኔ እጀታው ተሰብሯል። ከጓሮዬ ከጌሾው ሥር ቆፈርኩ። ጉልበቴ ስለማይታዘዘኝ ቆም እያልኩ ነው የቆፈርኩት፤ ረፋድ ላይ ጀምሬ እኩለ ቀን ሆነ። ጎረቤቴ በአጥሩ ማዶ ቆማ «በቃ፣ ይበቃል» ብትለኝም እስከ ክንዴ እስኪገባ አላቆምኩም። ሥጋውን ከነፌስታሉ አኖርኩት፤ አፈሩን መለስኩና ከላይ ድንጋይ ደረደርኩበት። ከዚያ ዶማውን አጥቤ መለስኩላትና ክክ ወጥ ሠርቼ በዓሉን ፈታሁ።